ስለ ሰንጠረዥ ወረራና ስለ ክንፍ አጀማመር

የትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል መታሰቢያ ለሚሆነው ለዚህ መጽሔት የታሪክ ክበባችን አንድ ጽሑፍ እንዲያቀርብ በታዘዘ ጊዜ፣ በመጀመሪያ ያሰብነው ስለ ጎንደር ግንቦች ወይም ስለ ስሜን ተራሮች ለመጻፍ ነበር። ይሁን እንጂ ስለ እነዚህ ነገሮች ከእኛ በፊት የነበሩ ሊቃውንት በሰፊው ጽፈዋል፤ እኛም በዚያው ሰሞን በአንድ ክርክር ተጠምደን ነበርና ልባችን ወደዚያ አዘነበለ። ክርክሩ የተነሣው ከቼዝ ገበታ ላይ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነበር። ከእኛ መካከል አንዱ ነጭ ይዞ ሲጫወት የመሐሉን ወታደሮች ከቦታቸው ሳያነሣ በፈረስ ጀመረ። ቀጥሎም የጎን ወታደሮቹን አንድ አንድ ቤት ገፍቶ፣ ሁለቱን ቢሾፖች በተከፈተው ቀዳዳ አወጣቸውና እንደ ዘብ በግራና በቀኝ ክንፍ አቆማቸው። ባላጋራው በዚህ ደስ ብሎት የገበታውን መሐል በወታደሮቹ ሞላው። ዙሪያውን የቆመው ተማሪም «ይህ ልጅ አገሩን ለቀቀ» እያለ ሳቀበት። ጥቂት ቆይቶ ግን መሐሉን የያዙት ወታደሮች ከሩቅ በሚመጣ ምት አንድ በአንድ ይወድቁ ጀመር፤ ሳቁም ወደ ሌላው ወገን ዞረ። ጨዋታው ሲያልቅ ከተመልካቾቹ አንዱ፣ ይህ የፈረንጅ ብልሃት እንደ ሆነ፣ የአባቶቻችን ሰንጠረዥ ግን ተራ እንኳ የሌለው ግርግር እንደ ነበረ ተናገረ። ይህ ቃል ከነከነን። ተራ እንዳልነበረው እኛም ሰምተናል፤ ግርግር መሆኑን ግን ማን አረጋገጠ? እንግዲህ በዚህ ጽሑፍ የምንመረምረው ይህንኑ ነው። ዓመታቱን በእኛ አቆጣጠር እንጽፋለን፤ የፈረንጆቹ ሲሆን እናመለክታለን።

ሰንጠረዥ የሚለው ስም ሻጥራንጅ ከሚለው የዐረብኛ ቃል ጋር አንድ ነው። ዐረቦች ጨዋታውን ከፋርስ፣ ፋርሶችም ከሕንድ እንደ ተቀበሉት የታሪክ ጸሐፊዎች ይናገራሉ። ወደ አገራችን ከገባ በኋላ የጥንት ጠባዩን እንደ ያዘ ቆየ። በአውሮፓ ግን በ15ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ገደማ ሁለት ጠጠሮች ተለወጡ። ከንጉሡ አጠገብ የሚቆመው አማካሪ ንግሥት ተብሎ በገበታው ሁሉ የሚሮጥ ኀይለኛ ሆነ፤ ዝሆኑም ቢሾፕ ተብሎ በሰያፍ እስከ ገበታው ጫፍ የሚደርስ ሆነ። የእኛ ሰንጠረዥ ይህን ለውጥ አልተቀበለም።

ስለዚህ በሰንጠረዥ ከንጉሡ በስተ ግራ የሚቆመው ፈርዝ በሰያፍ አንድ ቤት ብቻ ይሄዳል። ከእነርሱ በግራና በቀኝ የሚቆሙት ፊሎች (ሳባም ይባላሉ) በሰያፍ ወደ ሁለተኛው ቤት ይዘላሉ እንጂ በመካከል የቆመ ጠጠር አያግዳቸውም። ፈረስ እንደ ዛሬው ቼዝ ነው። በየማዕዘኑ የሚቆመው ደር በቀጥታ መንገድ እስካገኘ ድረስ ይሄዳል። ከፊት የተሰለፉት ስምንቱ መደቆች አንድ አንድ ቤት ብቻ ወደ ፊት ይራመዳሉ፤ የሚበሉት በሰያፍ ነው፤ ከመጨረሻው መስመር የደረሰች መደቅም ፈርዝ ትሆናለች። ገበታው ነጭና ጥቁር ቤት የተፈራረቀበት አይደለም፤ በቀይ ጨርቅ ላይ ጥቁር ወይም ሰማያዊ መስመር የተዘረጋበት ነው። ደግሞም እያንዳንዱ ተጫዋች ንጉሡን ከመሐል በስተ ቀኙ ስለሚያቆም ሁለቱ ነገሥታት ፊት ለፊት አይተያዩም፤ የአንዱ ንጉሥ የሚያየው የሌላውን ፈርዝ ነው።

የክርክራችን ሥር ግን ከዚህ ቀጥሎ የሚመጣው ነው። ጠጠሮቹ ከተሰለፉ በኋላ ሁለቱ ተጫዋቾች ተራ ሳይጠብቁ፣ ሁለቱም በአንድ ጊዜ፣ የፈለጉትን ያህል ያንቀሳቅሳሉ። አንዱ ሦስት እርምጃ ሲሄድ ሌላው አምስት ቢሄድ የሚከለክለው የለም። ይህ ጊዜ ወረራ ይባላል። (እኛ የወገራ ልጆች ነንና «ወገራ ወረራ» እያልን ስንቀልድበት ሰንብተናል።) ወረራው የሚያበቃው ከሁለቱ አንዱ የመጀመሪያውን ጠጠር ሲበላ ነው፤ ከዚያች ቅጽበት ጀምሮ ጨዋታው በተራ ይሆናል።

ይህን ጨዋታ በዐይናቸው ካዩት የውጭ አገር ሰዎች መካከል ሁለቱን መጥቀስ ይበቃል። አንደኛው በ19ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ወደ ትግሬ የመጣው እንግሊዛዊው ሄንሪ ሶልት ነው፤ ራስ ወልደ ሥላሴ በሰንጠረዥ ይጫወቱ እንደ ነበር ጽፏል። ሁለተኛው የእንግሊዝ ቆንስል የነበረው ዋልተር ፕላውደን ነው። ፕላውደን በአገራችን ብዙ ዓመት ኖሮ በ1852 ዓ.ም. በጎንደር አቅራቢያ በሽፍቶች ቆስሎ የሞተ ሲሆን፣ ከሞተ በኋላ በታተመው መጽሐፉ ውስጥ ስለ ጨዋታው ሕግ ተጽፎ ይገኛል። በእኛም ዘመን ሪቻርድ ፓንክረስት ስለ ኢትዮጵያ ሰንጠረዥ ታሪክና ሥርዓት አንድ ጥናት በኢትዮጵያ ጥናት መጽሔት ላይ አውጥተዋል፤ ይህም በፈረንጆች 1971 ነው። ዐፄ ልብነ ድንግል ከአንድ የቬኔስያ ሠዓሊ ጋር ይጫወቱ እንደ ነበር የሚያስታውሱት እርሳቸው ናቸው። ከነገሥታት ቤት ሴቶችም መካከል ከስሜኑ ከደጃዝማች ውቤ ወገን የተወለዱት እቴጌ ጣይቱ ብጡል ሰንጠረዥ ያውቁ ነበር ይባላል። ይህን ስንሰማ በክበባችን ያሉ ሴቶች ተማሪዎች ወዲያውኑ ቦታ ጠይቀው ተቀመጡ፤ ከዚያ ቀን ወዲህ ማንም አላስነሣቸውም።

አሁን ወደ ክንፍ እንመለስ። የክንፍ አጀማመር የሚባለው፣ ተጫዋቹ የገበታውን መሐል በራሱ ወታደሮች ከመያዝ ይልቅ ከጎን ሆኖ የሚጠብቅበትና ለባላጋራው መሐሉን ከተወለት በኋላ የሚመታበት ዘዴ ነው። ከዝነኞቹ ምሳሌዎች አንዱ በ1916 ዓ.ም. (በፈረንጆች 1924) በኒው ዮርክ የተደረገው ግጥሚያ ነው። ሪቻርድ ሬቲ የተባለው የቼኮዝሎቫኪያ ሰው የዓለም ሻምፒዮን ከነበረው ከኩባው ካፓብላንካ ጋር ተገናኘ። ካፓብላንካ ስምንት ዓመት ያህል ተሸንፎ አያውቅም ነበር። ሬቲ በፈረስ ጀመረ፤ ሁለቱን ቢሾፖች በሁለቱ ክንፎች አቆመ፤ ከመሐሉ ሁለት ወታደሮች አንዱን በ8ኛው፣ ሌላውን በ15ኛው እርምጃ አንድ አንድ ቤት ብቻ አንቀሳቀሰ። ካፓብላንካ ግን በ9ኛው እርምጃ የመሐል ወታደሩን ሁለት ቤት አስወጥቶ ነበር። ሬቲ በመሐሉ ላይ የተነሣው በ16ኛው እርምጃ ነው፤ በ31ኛው ላይ ካፓብላንካ እጁን ሰጠ።

ይህ ትምህርት በዚያን ጊዜ እንደ አዲስ ተቆጠረ፤ በአውሮፓም ሊቃውንት መካከል ብዙ አከራከረ። ነገር ግን አዲስነቱ በመጠኑ ነው። እንግሊዛዊው ስታውንተን በፈረንጆች 1843 ከፈረንሳዊው ከሴንት አማን ጋር ሲጋጠም የጎን ወታደር አስቀድሞ ይጫወት ነበር፤ «የእንግሊዝ አጀማመር» የሚለውም ስም ከእርሱ የመጣ ነው። ከዚያም ወደ ኋላ ብንሄድ ዐረቦቹን እናገኛለን። በ9ኛው መቶ ዓመት አል ዓድሊ፣ በ10ኛው መቶ ዓመት አስ ሱሊ የተባሉ ሊቃውንት ስለ ሻጥራንጅ መጻሕፍት ጽፈዋል። በእነርሱ ጨዋታ ጠጠሮቹ ቀርፋፎች ስለ ነበሩ ሁለቱ ሠራዊቶች ለመገናኘት ብዙ እርምጃ ይፈጅባቸዋል፤ ስለዚህ ተጫዋቾች አስቀድመው የሚያውቁት የሰልፍ ሥርዓት ነበራቸው። ለየሰልፉም ስም ሰጥተውታል። ከታወቁት ሰልፎች አንዱ ሙጀነሕ ይባላል፤ ትርጓሜውም ባለ ክንፍ ማለት ነው። እንግዲህ የክንፍ አጀማመር በስም እንኳ ሳይቀር ከሺህ ዓመት በፊት ነበረ።

በዚህ ላይ እኛ የምንጨምረው አንድ የአገራችን ማስረጃ አለ፤ ይኸውም የሹመት ስማችን ነው። ፊታውራሪ የፊቱ ጦር መሪ፣ ደጃዝማች የደጁ አዝማች፣ ቀኝ አዝማች የቀኙ፣ ግራ አዝማች የግራው ክንፍ አዝማች ነው። ከአራቱ ማዕርጎች ሁለቱ ለክንፍ የተሰጡ ናቸው። በጦር ሜዳ ክንፍን በሹመት የሚያከብር ሕዝብ በገበታ ላይ ሲቀመጥ ክንፍን ይረሳል ብለን አናምንም።

የስሜኑ የደጃዝማች ውቤ ኀይለ ማርያም ታሪክም በዚህ ጊዜ ትዝ ይለናል። በ1834 ዓ.ም. ደብረ ታቦር ላይ ከራስ አሊ ጋር ተዋግተው ሜዳውን ያዙ፤ ራስ አሊም ሸሹ። ነገር ግን ውቤ በድላቸው ሲደሰቱ የራስ አሊ ወገን የሆኑት ብሩ አሊጋዝ ድንገት መጥተው ማረኳቸው። መሐሉን የያዘ ሁሉ ጨዋታውን አሸነፈ ማለት እንዳልሆነ ከዚህ የበለጠ ምሳሌ ከሩቅ አገር ማምጣት አያስፈልገንም። ይህን ስንል ግን ጦርነቱ በሰንጠረዥ ብልሃት ተመራ ማለታችን አይደለም፤ የዚህን ዐይነት ንጽጽር እንደ ልብ የሚያበዙ ጸሐፊዎች አሉ፤ እኛ ከእነርሱ መቆጠር አንፈልግም።

አሁን ዋናው ጥያቄ፣ በወረራ ውስጥ ብልሃት አለ ወይስ የለም የሚለው ነው። ይህን ከመጻሕፍት ብቻ መፍረድ ስላልፈለግን የቼዙን ጠጠር በሰንጠረዥ ሕግ ለመጫወት ሞከርን። ቢሾፖቹን ፊል፣ ንግሥቲቱን ፈርዝ አደረግናቸው።

የመጀመሪያው ጨዋታ፣ እውነቱን ለመናገር፣ ግርግር ነበር። ሁለቱም ልጆች እንደ ጥጃ ፈትተው እየሮጡ እጅ ለእጅ ተጋጩ፤ ሁለቱም በአንድ ጊዜ በላን ብለው ተጣሉ፤ ያ ተመልካችም «አላልኳችሁም?» አለን። ከዚያ በኋላ ማን አስቀድሞ እንደ በላ የሚፈርድ ዳኛ አቆምን።

በሁለተኛው ጨዋታ አንደኛው ልጅ የመሐል መደቆቹን ተራ በተራ እየገፋ ከገበታው እኩሌታ አሳለፋቸው። ሁለተኛው ግን ፈጥኖ አልተከተለም። የመሐል መደቆቹን አንድ ቤት ብቻ ከፍ አድርጎ በሦስተኛው መስመር አቆማቸው፤ ፈረሶቹን ከኋላቸው አስጠጋ፤ ንጉሡን በእርጋታ ወደ ጎን መራው። ከዚያም እኛ ሁላችን ያልገባንን ነገር አደረገ። አንዱን ደር አምጥቶ መንገድ ከሌለው ቦታ፣ ከገዛ መደቁ ኋላ አቆመው። «ደርህን ምን ቀበረው?» ብለን ሳቅንበት። ወዲያው ያቺ መደቅ በሰያፍ የባላጋራውን የመሐል መደቅ በላች። መደቋ ከቦታዋ በተነሣች ጊዜ የተወችው መንገድ ለደሩ ክፍት ሆነ፤ ወረራውም በዚያች ቅጽበት አለቀ። ባላጋራው ተራው ቢደርሰውም የሚመልሰው ጠጠር በቦታው አልነበረም፤ ጠጠሮቹ ሁሉ ከመደቆቹ ኋላ ተጨናንቀው ነበር።

ከዚህ የተማርነው ይህ ነው። በዛሬው ቼዝ ክንፍን የሚመርጥ ሰው የሚከፍለው ዋጋ አለ። እያንዳንዱ እርምጃ ተራ ነውና፣ እርሱ ቢሾፑን በጎን ሲያሰናዳ ባላጋራው በዚያው ጊዜ መሐሉን ይሞላል፤ ቦታው ይጠብበታል፤ ካልተጠነቀቀም ይታፈናል። ሬቲ የተደነቀው ይህን ዋጋ ከፍሎ ማትረፍ ስለ ቻለ ነው። በወረራ ግን ጊዜ ዋጋ የለውም። አምስት እርምጃ የሄደ ሰው ሦስት ከሄደው አይበልጥም። ስለዚህ የሚፈለገው ፍጥነት ሳይሆን ሁለት ነገር ነው፤ አንደኛው የሰልፉ መልክ፣ ሁለተኛው ወረራውን የሚዘጋበት ሰዓት። ተጫዋቹ የራሱን ሰልፍ የሚሠራው የሌላውን እያየ ነው፤ ባላጋራው በቀኝ ከከበደ እርሱ በግራ ይለዋውጣል። የመጀመሪያውን ጠጠር የበላ ሰው የመጀመሪያውን ምት ያገኛል፤ ነገር ግን ተራውን ለባላጋራው ያስረክባል። ስለዚህ ከመብላቱ በፊት የሚመጣበትን መልስ ሁሉ መቁጠር አለበት። ይህን የሚያህል ስሌት ግርግር ብሎ መጥራት ለእኛ አይስማማንም።

ደግሞ ስለ ፊል አንድ ነገር ሳንናገር ማለፍ አንወድም፤ በወረቀት ላይ ስንቆጥረው እኛንም አስገርሞናልና። ፊል በሰያፍ ሁለት ቤት ብቻ ስለሚዘል ከ64ቱ ቤቶች በዕድሜው ሁሉ ሊረግጥ የሚችለው 8ቱን ብቻ ነው። በገበታው ላይ ያሉት አራት ፊሎች እያንዳንዳቸው የየራሳቸው 8 ቤት አላቸው፤ የአንዱ ቤት ከሌላው ጋር ፈጽሞ አይገናኝም። ስለዚህ አንድ ፊል ሌላ ፊል ሊበላ አይችልም። በቼዝ ግን በክንፍ የቆመ ቢሾፕ ከጎን ሆኖ መሐሉን አቋርጦ እስከ ባላጋራው ማዕዘን ድረስ ያያል፤ የክንፍ አጀማመር ኀይሉም ከዚህ ነው። እንግዲህ የሰንጠረዥ ክንፍና የሬቲ ክንፍ አንድ ናቸው ብንል ስሕተት ይሆናል። የሬቲ ክንፍ ከሩቅ የሚተኩስ ነው፤ የሰንጠረዥ ክንፍ ግን ደሩ መንገድ እስኪከፈትለት ድረስ አድፍጦ የሚጠብቅበት ነው። የሚመሳሰሉት ባላጋራ አስቀድሞ መልኩን እንዲያሳይ በማድረግ ነው። በዚህ ነጥብ ላይ ከክበባችን ግማሹ አሁንም አልተስማማም፤ ክንፍ ያለ ቢሾፕ ክንፍ አይባልም ይላሉ። እኛ ግን የጥንቶቹ ዐረቦች ያለ ቢሾፕ ባለ ክንፍ ብለው እንደ ሰየሙ እናስታውሳቸዋለን።

የፊል ድካም በአባቶቻችን ዘንድ አላስናቀውም፤ እንዲያውም አስከበረው። ንጉሥን በደር ወይም በፈረስ ማስጨነቅና መውጫ ማሳጣት ቀላል ነውና ብዙ አያስመሰግንም ነበር። በፊሎችና በፈርዝ ተባብሮ ያሸነፈ ግን ይደነቅ ነበር። ጠጠሩን ሁሉ አስበልቶ ብቻውን የቀረ ንጉሥም አይገደልም ነበር። ስለዚህ ብልህ ተጫዋች በወረራው ጊዜ ሰልፉን ሲሠራ በፊሎቹ 8 ቤቶች አካባቢ መደቆቹን እንዴት እንደሚተክል አስቀድሞ ያስባል። እኛ እስካሁን በፊል ለማሸነፍ ሞክረን አልተሳካልንም። አንድ ጊዜ ብቻ ተቃርበን ነበር፤ ሆኖም የባላጋራው ንጉሥ ፊላችን ፈጽሞ ሊደርስባት ከማትችል ቤት ላይ ገብቶ ተቀመጠ።

ይህ ጨዋታ ከጣልያን ወረራ (1928–1933 ዓ.ም.) በኋላ እየጠፋ እንደ ሄደ ፓንክረስት ጽፈዋል። አንዱ ወረራ ሌላውን ወረራ አጠፋው ማለት ነው። በየመኳንንቱ ቤት ቀይ ጨርቅ ዘርግተው ይጫወቱ የነበሩት ሰዎች በአርበኝነትና በስደት ተበተኑ፤ ከዚያም በኋላ ያደገው ትውልድ የፈረንጁን ቼዝ ተማረ። ዛሬ በከተማችን በአምባ ጊዮርጊስ ለትምህርት ቤት ልጅ ሰንጠረዥ ቢሉት ብዙውን ጊዜ የሚመጣበት በሂሳብ ደብተር ላይ የሚሰመረው አግድምና ቁም መስመር ነው። ቃሉ ቆይቷል፤ ጨዋታው ሄዷል። እኛን ያሳዘነን የጨዋታው መሄድ ብቻ አይደለም፤ ሲሄድ ስሙ ግርግር ተብሎ መቅረቱ ነው።

በበዓሉ ዕለት ከሰዓት በኋላ፣ ከስፖርቱ ውድድር ቀጥሎ፣ በቤተ መጻሕፍቱ በረንዳ ላይ ሦስት የሰንጠረዥ ጨዋታ በወረራ ሥርዓት ይደረጋል። ጨርቁ ቀይ ነው፤ ጥቁሩን መስመር በክር የሰፉልን የአንዳችን እናት ናቸው። ጠጠሮቹ ለጊዜው የቼዝ ናቸው፤ ስለዚህ ከዳባትም ሆነ ከደባርቅ ከሚመጡት ወላጆች መካከል ከዝሆን ጥርስ፣ ከቀንድ ወይም ከእንጨት የተሠራ የቆየ ጠጠር በሣጥናቸው ያኖሩ ቢኖሩ፣ ይዘውልን ቢመጡ በክብር ተቀብለን ከጨዋታው በኋላ እንመልሳለን። ያ ግርግር ነው ያለው ጓደኛችንም በሦስተኛው ጨዋታ ይጫወታል፤ እስካሁን ሁለት ሳምንት ሙሉ ብቻውን ሰልፍ ሲያሰናዳ አይተነዋል።